የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ገብስን በብርሃን መመርመር

ክበባችን ዘንድሮም ረቡዕ ረቡዕ ተሰብስቧል፤ ቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ ስላለ አልደግመውም። ዋናው ሥራችን የሰብልን ጤንነት በብርሃን ሴንሰር መለካት ነበር። «መጫወቻ ነው» ያሉን ስላልጠፉ አሠራሩን ላስረዳ።

ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ለማዘጋጀት ይውጠዋል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ታህተ ቀይ ግን ግማሽ ያህሉን ያንጸባርቃል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ኤንዲቪአይ የሚባለው የሰብል ጤንነት መለኪያ ቁጥር ይገኛል። ጥቅጥቅ ያለ ጤነኛ ሰብል ከ0.7 በላይ ይሰጣል፤ ባዶ መሬት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 አይዘልም። ኤ ኤስ 7263 ሴንሰርን በ3.3 ቮልት ከሚሠራ አርዱይኖ ፕሮ ሚኒ ከተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ጋር አገናኝተን ቀዩን 680፣ ታህተ ቀዩን 810 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ እናነባለን። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቁጥሩ ጣሪያ ነክቶ ስለሚቀር ጌይኑን፣ ማለትም ሴንሰሩ ንባቡን የሚያጎላበትን መጠን፣ ወደ 1 ማውረድ ግድ ነው። ሴንሰሩ ከሰብሉ 1 ሜትር ከፍ ሲል 70 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ያያል። የሚመጣውን ብርሃን የምናውቅበት ነጭ ማመሳከሪያችን ጣውላ ላይ ደራርበን የጠቀለልነው የቧንቧ ቴፍሎን ነው፤ ከእያንዳንዱ ንባብ በፊትና በኋላ ይለካል።

በጥቅምት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብለን ውኃ የተኛበት መረሬ ላይ ያለ ገብስ ለካን። ቢጫ የሆነው ረባዳው እንደጠበቅነው ዝቅ አለ። ግራ ያጋባን ከጎኑ ያለው ባዶ መሬት ነው፤ ቁጥሩ ድንገት ሣር የበቀለበት መሰለ። ሽቦውን ፈትተን ገጠምን፤ ለውጥ የለም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ጓደኞቿን አንድ በአንድ እያራቀች ለካችና «ሹራባችን እኮ ለሴንሰሩ ቅጠል ነው!» አለች። እውነቷን ነው፤ ለዓይን የጠቆረ ብዙ ጨርቅ ታህተ ቀዩን አጥብቆ ያንጸባርቃል። ማንም ሳይነግራት እዚህ መድረሷ ለእኔ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ከሴንሰሩ ሁለት ሜትር ሳይርቅ የሚቆም የለም።

ያሸነፈን ደመና ነው። በነጩና በገብሱ ንባብ መካከል ጥላ ካለፈ ውጤቱ ይጣላል፤ የመስከረምን ንባብ አብዛኛውን የጣልነው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሁለተኛ ሴንሰር ነው፤ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ሰብሉን በአንድ ጊዜ እንዲያይ። እንግዳ ሲመጣ መሣሪያችን ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፤ የግዢ ጥያቄያችን ግን ከመሳቢያ አልወጣም። ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ዝርዝሩን እነሆ፦ አንድ ኤ ኤስ 7263፣ በላዩ የሚደረግ ብርሃን በታኝ የቴፍሎን ክዳን፣ እና ሴንሰሮቹን በየተራ ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኝ አንድ መልቲፕሌክሰር። መልቲፕሌክሰሩ ቅንጦት አይደለም፤ የሁለቱ ሴንሰሮች አድራሻ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያለ እሱ በአንድ መስመር ላይ ይጋጫሉ።