አፎት ከመሸጣችን በፊት ለምን ጥያቄ እናበዛለን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን።

ስትደውሉም ሆነ አሜሪካ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ወዳለው ሱቃችን ስትመጡ አብዛኞቻችሁ የምትሉን አንድ ነው፤ «ሽጉጤ ግሎክ 19 ነው፣ ሆልስተር (የሽጉጥ አፎት) ስጡኝ።» እኛ ግን ወዲያው አንስተን አንሰጥም። ሥራችሁ ምንድን ነው? ቀኑን ተቀምጣችሁ ነው ቆማችሁ የምትውሉት? ምን ዓይነት ቀበቶ ታደርጋላችሁ? ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለ? እያልን እንጠይቃለን። አንዳንዶቻችሁ «ምን አገባቸው?» ብላችሁ ሳትታዘቡን አልቀራችሁም። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ምክንያቱን ለማስረዳት ነው።

የማይመች አፎት የገዛ ሰው ብዙም አይታጠቀውም። መጀመሪያ ሰሞን ይችለዋል። ከዚያ ጎኑን ሲቆረቁረው ሽጉጡ ወገቡን ለቆ ይሄዳል። መኪና ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሱቅ ባንኮኒ ሥር ይገባል፣ ወይም ትራስ ሥር ያድራል። መስኮት ተሰብሮ የሚሰረቀው፣ ልጅ እጅ ላይ የሚወድቀው እንዲህ የተቀመጠ ሽጉጥ ነው። ምቾትን ከደህንነት ለይተን የማናየው ለዚህ ነው።

ከምቾትም የሚቀድም ግን አለ፤ ቃታው። አፎቱ ቃታውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ያውም ከውጭ ጣት ቢጫነው በማይጎብጥ ጠንካራ ነገር። ግሎክ ላይ በአውራ ጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የለም፤ ጥይት ጎርሶ ቃታው ከተሳበ ይተኩሳል። «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን ለስላሳ የጨርቅ አፎት ሱቃችን ውስጥ የማታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሽጉጡ ሲወጣ የአፎቱ አፍ ይዘጋል። መልሶ ለማስገባት በሌላው እጅ መክፈት ግድ ይሆናል። ያ እጅ ደግሞ አፈሙዙ ፊት ነው ያለው። ይህን እያወቅን ለማንም አንሸጥም።

ያረጀ ቆዳም ያሰጋናል። ጥሩ ቆዳ ደስ ይላል፣ ገላ ላይ ይለሰልሳል። ለዓመታት ላብ ሲጠጣ ግን ይልፈሰፈሳል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽጉጡ ሲገባ ቃታው ጋ ገብቶ ሊገፋው ይችላል። የቆዳ አፎት ያላችሁ ዛሬ ማታ ባዶውን አውጡና አፉን በአውራ ጣት ተጫኑት። እጥፍ ካለ ጊዜው አልፏል፤ ጣሉት።

አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው በካይዴክስ ነው። ካይዴክስ በሙቀት ለስልሶ በሽጉጡ ልክ የሚቀረጽ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሽጉጡ ቦታውን ሲይዝ «ቀጭ» ይላል፤ በጆሮ ይሰማል፣ በእጅም ይታወቃል። ላብ አይጠጣም፣ በውሃ ይታጠባል። የሚቀረጸው ለአንድ ሞዴል ብቻ ስለሆነ ሽጉጣችሁ ላይ መብራት ካስገጠማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ የድሮው አፎት አይሆነውም። በቨርጂኒያ የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ደግሞ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት፤ ቅርፁ ሊበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ወገብ እንምጣ። ብዙ ደንበኞቻችን ኡበርና ታክሲ ይነዳሉ። በቀኝ እጁ የሚጠቀም ሹፌር ቀኝ ዳሌው ላይ ከታጠቀ ሽጉጡ ከመቀመጫ ቀበቶው መቆለፊያ ጋር ይጋጫል። በቀላሉ አይደረስበትም፤ ቀኑን ሙሉም ዳሌውን ሲወጋው ይውላል። እንዲህ ላለ ሰው ከፊት፣ ከሱሪ ቀበቶው መቆለፊያ ጎን መታጠቅ ይሻለዋል። ቦርጭ ያለው ሰው ሲቀመጥ እጀታው ሆዱን ይቆነጥጠዋል፤ ለእሱ አፎቱን ትንሽ ዝቅ አድርገን ከግርጌው ስፖንጅ እንለጥፍበታለን። ስፖንጁ ታችኛውን ጫፍ ከገላ ስለሚያርቀው እጀታው ወደ ሆድ ይጠጋል፣ ሸሚዙም አያብጥም። ከሰው ዓይን ለመሰወር የሚያስቸግረው እጀታው ነው፤ አፈሙዙማ ሱሪ ውስጥ ነው። አጭር አፎት ይሻላል ብላችሁ የምትመጡም ብዙ ናችሁ። ረዘም ያለው ግን ከቀበቶ በታች ድጋፍ ስላለው ወደ ውጭ አያዘነብልም፤ ብዙ ጊዜ የሚመቸውም የሚደበቀውም እሱ ነው።

ከፊት የምትታጠቁ አንድ ነገር አደራ። አፈሙዙ ወደ ታፋችሁ ነው የሚያየው፤ ትልቁ የደም ሥር ያለውም እዚያ ነው። ጠዋት ስትታጠቁ ሽጉጡን መጀመሪያ አፎቱ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወገባችሁ ላይ አስሩ። ጀርባ መሐል፣ አከርካሪ ላይ የሚታሰር አፎት አንሠራም። ወድቆ ሽጉጥ ላይ በጀርባ ማረፍ ከባድ ጉዳት ያመጣል።

ቀበቶን ንቃችሁ አትለፉ። ጥይት የሞላው ግሎክ 19 ወደ 850 ግራም ይመዝናል። ለሱፍ ልብስ የሚደረግ ስስ ቀበቶ ይህን አይችልም፤ ይጎብጣል፣ ሱሪውን ወደ ታች ይጎትታል፣ እናንተም ሰው ፊት ቀኑን ሙሉ ሱሪ ስትስቡ ትውላላችሁ። ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ደረቅ ያለ ቀበቶ ግዙ። ከእኛ ባይሆንም ግድ የለም። ሱሪውንም ከወትሮው አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉት።

እህቶቻችን በሀበሻ ቀሚስ እንዴት እንታጠቅ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ቀሚስ ቀበቶ የለውም፣ ነጠላም ይንሸራተታል። የሚሆነው ከቀሚሱ ሥር የሚታሰር ሰፊ የላስቲክ መቀነት ነው፤ ቃታው የሚያርፍበት ቦታ ግን ካይዴክስ ሊኖረው ይገባል። ቦርሳ ውስጥ የምትይዙ ከሆነ ለሽጉጡ ብቻ የተለየ ኪስና አፎት ይኑረው፤ ከቁልፍና ከሊፒስቲክ ጋር አይቀላቀል። ቦርሳውንም የሰው ቤት ሶፋ ላይ ጥላችሁ አትነሱ።

ስለ ሕጉ ጥቂት። ሽጉጥ ሸሽጎ የመታጠቅ የቨርጂኒያ ፈቃድ ከሰርኪዩት ፍርድ ቤት የሚወጣ ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል። ድልድይ ተሻግራችሁ ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ስትገቡ ግን አይሠራም፤ ሁለቱም የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሸሽጋችሁ ታጥቃችሁ መጠጥ የሚሸጥ ሬስቶራንት ከገባችሁ ደግሞ የቨርጂኒያ ሕግ መጠጥ እንዳትቀምሱ ይከለክላል። ክትፎው ይፈቀዳል፣ ቢራው ይቅር።

ለልኬት ስትመጡ ሽጉጣችሁን ቤት ቆልፋችሁ ኑ፤ የሞዴሉ ስም ይበቃናል። በሱቃችን ለመለኪያ የምንጠቀምባቸው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሞዴሎች አሉ። ሁልጊዜ የምትለብሱትን ሱሪና ቀበቶ አድርጉ። ወንበር ላይ እንድትቀመጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጫማ እንድታስሩ፣ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ቀበቶ እንድትታጠቁ እንጠይቃችኋለን። ቤት ወስዳችሁ በባዶ ሽጉጥ ሞክሩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተመቻችሁ መልሱት፤ እናስተካክለዋለን፣ ካልሆነም ገንዘባችሁን እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአፎት ሥራ ክፍላችን
ሰሜን ቨርጂኒያ