ለእማዬ፦ ገንዘቡ የት እንደገባ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰሊ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢላት፤ ቁጥር ይበዛዋል።

ካለፈው ክረምት ወዲህ የምልክልሽ ገንዘብ ቀንሷል። አንቺ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። ስለዚህ የት እንደገባ ልንገርሽ።

እዚህ ቨርጂኒያ እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ የዓመቱን የፌዴራል ግብር ማሳወቅ አለብን። ፎርሙ ስለሚከብድ ከፍለን እናሠራለን። የሚሠራልን ሰው ግን ፈተና ማለፍ አይጠበቅበትም። ፒቲን የሚባል መለያ ቁጥር ካለው ይበቃዋል። እኔም በ19 ዶላር ከ75 ሳንቲም አወጣሁት።

አምና አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ከአይ አር ኤስ፣ ከአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት፣ የመጣ ደብዳቤ ይዞ ቤቴ መጣ። ወረቀቱ እጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታክሱን የሠራለት ሰው የነዳውን ማይል በግምት ሞልቶለታል። አሁን ስልክ አያነሳም። እኔ ደብዳቤውን አነበብኩለት፤ ስለ እሱ ሆኜ መከራከር ግን አልችልም። ኢንሮልድ ኤጀንት የሚባለው፣ ፈተና አልፎ ከአይ አር ኤስ ፈቃድ ያገኘ የግብር ባለሙያ ይችላል፤ ያውም በሁሉም ክፍለ ግዛት፣ አይ አር ኤስ ፊት ልክ እንደ ጠበቃ። ወዳጄን ሸኝቼ በሩን ስዘጋ ኢንሮልድ ኤጀንት ለመሆን ወሰንኩ።

ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። ለአንዱ 267 ዶላር ከፈልኩ። መቶ ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። መጻሕፍቱና የመለማመጃ ጥያቄዎቹ 430 ዶላር ወሰዱብኝ። የማጠናው ሌሊት፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ያለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ ነበር። መኪና ሲመጣ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ደፍቼ ትኬት እቆርጣለሁ።

የግለሰቦች ግብር የሚባለውን ነሐሴ ላይ አለፍኩ። የንግዱን ጥቅምት ላይ ወደቅኩ። እማዬ፣ ያን ቀን ስደውልልሽ ጉንፋን ይዞኛል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አልቅሼ ነበር። እንደገና ለመቀመጥ እንደገና 267 ዶላር ከፈልኩ። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ ለፍተሻ ኪሴን ገልብጬ አሳየሁ፣ መነጽሬንም ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ስጨርስ ስክሪኑ ላይ «አልፈሃል» የሚለውን ሳይ፣ ከወንበሩ ለመነሳት ጉልበት አጣሁ። የመጨረሻውን፣ የውክልናውን ክፍል፣ ጥር ላይ ጨረስኩ።

ለማመልከቻው ደግሞ 140 ዶላር ከፈልኩ። ሁሉም ሲደመር 1,657 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ለፈተና ስል ከሥራ የቀረሁባቸውን ቀናት አልቆጠርኩም። ከዚህ በኋላ በየሦስት ዓመቱ 72 ሰዓት መማር አለብኝ፤ እሱም ወጪ አለው። ግን አይቆጨኝም። እዚህ ያሉ ወገኖቻችን ደብዳቤ ሲመጣባቸው በአማርኛ የሚያስረዳቸውና ከጎናቸው የሚቆም ሰው ያስፈልጋቸዋል።

አሁን መልሱን እየጠበቅኩ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የምልክልሽ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሰሊ፣ የእማዬን የመድኃኒት ደረሰኝ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በዱቤ የወሰዳችሁት ካለም አትደብቂኝ።

ልጅሽ