ይድረስ ለሶማሌ ተራው ወዳጄ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈ ሰው ስለ ናፍቆት ቢያወራ ማን ያምነዋል? ይህን ወረቀት ስትቀበል ፊትህ ይታየኛል። መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ፣ እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ፣ «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ትላለህ። አልተሳሳትክም፤ የምፈልገው ነገር አለ። ያልመለስኩልህም ጥያቄ አለ። ሁለቱም ጋ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን የሠራሁትን ጉድ ስማ።

የሞተች መኪና ገዛሁ፤ በ700 ዶላር። ቁልፍ የላትም፣ ወለል የላትም፣ ሞተሯ ተጣብቋል፣ ወንበሯ ውስጥ አይጦች እስከ ልጅ ልጅ ወልደዋል። የገዛኋት ልነዳት አይደለም፤ አንተ ዕድሜ ልክህን ስትሠራው እንደኖርከው ልፈታት ነው። ጓሮዬ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሶማሌ ተራ ከፍቻለሁ በለው። መኪናዋ ተጎትታ ስትገባ ባለቤቴ በመስኮት አይታ፣ «መኪናዋን ስትፈታ ትዳርህም አብሮ እንዳይፈታ» አለችኝ። ደግነቱ እየሳቀች ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከሥራዬ ነው። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ 19 ዓመት ምድር ቤት ሆኜ የሰው መኪና ሳቆም ኖርኩ። እጄ ያልነካው የስፖርት መኪና ጥቂት ነው፤ ሁሉንም ግን የነዳሁት በአንደኛ ማርሽ፣ ከበሩ እስከ ማቆሚያው ብቻ ነው። ጡረታ ስወጣ፣ ሁለተኛ ማርሽ የማስገባባት የራሴ መኪና ትኑረኝ ብዬ የ1978 ፊያት 124 ስፓይደር ገዛሁ። ቀይ ናት፤ ጣራዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ኋላ ያለውን ነገር ወንበር ይሉታል፤ ለዘንቢል እንኳን ይጠባል።

ስሟ ለአንተ አዲስ አይደለም። አለቃችን ላዳ ሥር ተኝቶ «ይህች የፊያት 124 ልጅ ናት፤ እናቷን ብታዩ ታፍሩ ነበር» ሲለን ትዝ ይልሃል? እውነቱን ነበር። ሩሲያውያን ፈቃዱን ከፊያት ገዝተው እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ከተማ ላይ ማምረት ሲጀምሩ፣ ለመንገዳቸው እንድትሆን ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን አንስተው ታምቡር አደረጉበት፣ ሞተሯንም በሌላ ለወጡት። ስፓይደሯ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ የታየችው የዚያችው የ124 እህት ናት፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 14 ሳንቲሜትር አጥሮ፣ ፒኒንፋሪና ልብሷን ሰፍቶላት ነው። ስለዚህ ለላዳችን አክስቷ ናት ማለት ነው፤ ጣሊያን የቀረችው፣ ያልከበዳት፣ የምትዘንጠው አክስት። ሞተሩን የሠራው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ቀድሞ ፌራሪ ቤት የነበረ መሐንዲስ ነው። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ላይ፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት አሉት፤ የሚያዞራቸውም እንደ ላዳ ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የላስቲክ ቺንጋ ነው። ድምፁን ብትሰማው! እኛ ስንት ዓመት የእህቷን ልጅ ሳል ስናዳምጥ ኖረናል።

እ.ኤ.አ. እስከ 1985 ድረስ 200 ሺህ ገደማ ተሠርተው አብዛኞቹ የመጡት ወደ አሜሪካ ነው። ታዲያ የት ሄዱ ብትል ጨው በላቸው። እዚህ ክረምት በረዶ ሲጥል መንገዱን ጨው ያለብሱታል፤ የዚያን ዘመን የጣሊያን ላሜራ ደግሞ ጨው ሲነካው እንደ በሶ ይሟሟል። በተለይ ከፊት ሾክ አብሶርበሩ የሚታሰርበትን ቦታ ሳታይ እንዳትገዛ ይላሉ። የእኔ እዚያ ላይ ደህና ናት። ሕመሟ ሌላ ነው፦ የቀድሞው ባለቤት ውኃ ሳይኖራት ነድቷት ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ካምብዮው ሁለተኛ ላይ ይፈጫል፣ የግራው ስፖርቴሎ ከሥሩ ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን ዛሬም አዲስ ይሸጣል። ስፖርቴሎና መስታወት ግን አዲስ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ከሞተች እህቷ መውሰድ ይሻላል።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥልኝ ጣሊያናዊ ሽማግሌ አለ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ስንነጋገር ሁለታችንም አልተግባባንም። ቢቸግረኝ «ቴስታታ» አልኩት፤ ቀና አለ። ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ዳዶ እያልኩ ስደረድርለት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጣሊያንኛ የት ተማርክ?» አለኝ። «አማርኛ ነው» አልኩት።

የሞተችዋን ያገኘኋት ፍሬድሪክ ከሚባል ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቤት ነው። ባለቤቷ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው። የ1976 ናት፤ ሞተሯ እንደ እኔዋ 1756 ሲሲ ስለሆነ ለዚያ ነው የሄድኩት። ትልቅ ዛፍ ሥር ቆማ አራቱም ጎማ መሬት ውስጥ ሰምጧል፤ በወለሉ ቀዳዳ ሣር ገብቶ ፔዳሎቹን አልፎ መሪው ጋ ደርሷል። ካቻቢቴ አውጥቼ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ላሜራውን ነካ ባደርገው እስከ እጀታው ገባ። ሴትየዋ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘውልኝ መጡና፣ «ታስነሣታለህ?» አሉኝ። ወንድሜ፣ መዋሸት ቀላል ነበር። «እሷ አትነሣም፤ ሌላ መኪና ግን ታስነሣለች» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ቁልፉን ግን እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። ምን ያደርግልኛል፤ ይያዙት አልኩ። ሊብሬው ጠፍቶ ስለነበር በእጃቸው ጽፈው ፈረሙልኝ። (አሁን ቅርፊቷን የሚወስደው የብረት ነጋዴ ሊብሬ አምጣ እያለ ያመላልሰኛል። አንተ ብትኖር መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነበር።)

አፈታቱን ልንገርህ፤ ከአንተ ሌላ የሚገባው ሰው የለም። ካንዴላዎቹን አውጥቼ በአራቱም ቀዳዳ ናፍጣና የካምብዮ ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁና ተውኩት። በየማታው የራት ሰዓት ሲደርስ ወጥቼ ቁልፍ ከፊት ካለው ትልቁ ብሎን ላይ እከትና ቀስ ብዬ እገፋለሁ፤ እንቢ። በዘጠነኛው ቀን ትንሽ ነገር፣ የሰዓት ቆጣሪ አንድ እርምጃ የምታህል፣ ተነቃነቀች። ከዚያ ወዲህና ወዲያ፣ ወዲህና ወዲያ፤ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር ከጭስ ማውጫው በኩል የአይጥ ጎጆ ብጥስጣሽ እየተፋ ወጣ። ቴስታታውን ለማንሣት ደግሞ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሉሚኒየሙ ከብሎኖቹ ጋር ነጭ አመድ አብቅሎ ተጋግሯል። መዶሻ አላሳየሁትም፤ በእንጨት ዙሪያውን ቶክ ቶክ እያደረግሁ፣ ዘይት እያጠጣሁ፣ እየለመንኩ ነው ያነሣሁት። ሥሩ ንጹሕ ነው፤ ስንጥቅ የለውም። ካምብዮው፣ ዲፍረንሻሉ፣ ሁለቱም ስፖርቴሎዎች፣ መስታወቶቹ፣ መሪው፣ ሰዓቱና ፍጥነት መለኪያው ወጥተዋል። የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎን አንተ እንዳስተማርከኝ በየላስቲኩ አስሬ ስም ጻፍኩበት። በአማርኛ ስለጻፍኩት ልጄ ሊረዳኝ ሲመጣ አንዱንም ማንበብ አልቻለም፤ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የሴትየዋ የሟች ባላቸው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሰኔ 1991 ይላል፣ በእነሱ አቆጣጠር። ሊገዛ ያሰበው ዕቃ ዝርዝር ነው፦ ባትሪ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ የግራ ፍሬቻ። ባትሪው ላይ ብቻ ምልክት አድርጓል። ያን ጊዜ ዕቃ ለማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ ፊያት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ ገበያ ወጥቶ ነበርና። ሰውየው ግን አልተዋትም፤ ወይ አልጠገናት፣ ወይ አልሸጣት፣ ወይ አልፈታት። ያን ጊዜ ቢፈታት ወለሏም፣ ኮፈኗም፣ ፓራፋንጎዋም ለሌላ ሰው በተረፈ።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ክሪኩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ደብዳቤህ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ2009 የጻፍክልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ላዳዋ ከእንግዲህ አትሄድም። ግማሿ ያንተ ነውና ፍቀድልኝና ልፍታት፤ ዕቃዋ ሳይበላሽ ገዢ አላት።» ልክ ነበርክ። በ1985 ግማሽ በግማሽ አዋጥተን የገዛናት፣ በተራ ታክሲ የሠራንባት፣ እናቴን ሆስፒታል ያመላለስንባት፣ በመጨረሻም አንተ እኔን ቦሌ ያደረስክባት መኪና ናት። እሺ ብዬ ብጽፍልህ እዚያ የቀረኝ ነገር ሁሉ አብሯት የሚበታተን መሰለኝ። እንቢ እንዳልልህ ደግሞ ምን ብዬ? ስለዚህ ነገ እጽፋለሁ አልኩ። ነገ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር የባሰ ዝም አልኩ። የሌላ ምክንያት ዝምታ አይደለም፤ ተቀይሞኛል ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። አንተ እልኸኛ ስለሆንክ ያለ እኔ ቃል አንድ ብሎን እንዳልነካህ አውቃለሁ። ዘጠኝ ክረምት ዘንቦባታል ማለት ነው፤ ግቢህንም ይዛብሃለች፤ የባለቤትህን እርግማንም የምታስበላኝ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

መልሴ ይኸው፦ ፍታት። ቄስ አይደለሁም፤ ግን ያለ ፍታት የቆየችው ይበቃታል። የእኔን ድርሻ ለልጆችህ ደብተር ግዛበት። ወለሏና የስፖርቴሎዎቹ ሥር አይተርፍም፤ ካቻቢቴ ሰደህ ሞክረው። ዲፍረንሻሏ ግን ዘይቱ ካልፈሰሰ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ዲናሞውንም በ2001 ነው በአዲስ የቀየርከው ብለኸኝ ነበር።

የምፈልገውም ነገር ይኸው። አንድ ቸርኬ አስቀምጥልኝ። የላዳና የፊያት ቸርኬ አንድ ነው፤ አራት ብሎን፣ የብሎኖቹ ክብ 98 ሚሊሜትር። የእኔዋ ስትሸጥ ስኮርታ ጎማ አልነበራትም፤ የሞተችዋ ስኮርታ ደግሞ ከነመቀመጫው ዝጎ መሬት ላይ ወድቋል። እዚህ አይገኝም ብዬ አልዋሽህም፤ በ40 ዶላር ይገኛል። እኔ የምፈልገው የእሷን ነው። ሁልጊዜ ዕቃ የሚጫነው ከዚህ ወደዚያ ነው፤ አንድ ጊዜ ከዚያ ወደዚህ ይምጣ። ጎማውን አውልቀህ፣ የሚመጣ ሰው ስታገኝ በጆንያ ጠቅልለህ ስጠው። ክብደቱን እኔ እከፍላለሁ፤ ሰውየውን የሚያስቀው ጉምሩክ ላይ ምንድን ነው ሲሉት ነው።

እሁድ በእናንተ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ፤ ስልክህ ካልተለወጠ አንሣው። መጀመሪያ እስኪወጣልህ ስደበኝ። ከዚያ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ ካምብዮውን ከሞተሩ ከሚያያይዙት ብሎኖች የላይኛው ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። አሉሚኒየም ስለሆነ እሳት ፈራሁ፣ መሰርሰሪያም ፈራሁ። አንተ የዚያን ቀን ለሐኪሙ ፊያት ያደረግህለትን ዘዴ ረስቼዋለሁ።

ወንድምህ