እማዬ፣ ያንን ክኒን አትደብቂው

እማዬ፣

ትናንት «ለቃሬ የምትሆን ክኒን ጓደኛዬ ሰጠችኝ፣ ጠዋት ከዋናው ጋር እውጣታለሁ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ደንግጬ ነው። በስልክ ልጨቀጭቅሽ አልፈለግኩም።

ፎቶዋን ስትልኪልኝ ማሸጊያውን አነበብኩት። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም አለባት። ዋናው የኤችአይቪ መድኃኒትሽ ዶሉቴግራቪር እነዚህን ሆድ ውስጥ ካገኘ ይጣበቅባቸዋል፤ ብዙው ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሚ፣ ከዚያ ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይተሽ የቃሯን። የቃሯን ከቀደምሽ ግን 6 ሰዓት መጠበቅ አለብሽ። ካልሲየምና ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒንም ጠባያቸው ያው ነው። እነሱን ግን ምግብ እየበላሽ ከሆነ ከዋናው ጋር አብረሽ መውሰድ ትችያለሽ።

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከዶሉቴግራቪር ጋር አይጣላም፤ ቃሩ ከባሰብሽ ስለሱ ሐኪምሽን ጠይቂ። ጓደኛሽ ሪልፒቪሪን የሚባለውን ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ብትሆን ኖሮ ግን ኦሜፕራዞል ለሷ ክልክል ነበር። አየሽ፣ ክኒን መዋዋስ የማልወደው ለዚህ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ስኳርሽ ነው። ሐኪሙ ሜትፎርሚንሽን በቀን 2000 ሚሊግራም ሲያደርገው ስለ ዋናው መድኃኒት ነግረሽው ነበር? አልነገርሽውም፣ አውቅሻለሁ። ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚን በኩላሊት የሚወጣበትን መንገድ ያጠብበታል። ስለዚህ ደም ውስጥ ይከማቻል። አብረው ሲወሰዱ ሜትፎርሚኑ በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሰሞኑን «ሆዴን አላስቀምጥ አለኝ» ያልሽው ከዚህ ሊሆን ይችላል። በራስሽ ግን ምንም እንዳታቋርጪ! ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውዪለት።

ደግሞ ለጉልበትሽ ዲክሎፍናክ በየቀኑ መዋጥ ይቅር። ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒትሽ ቴኖፎቪር ብቻውን ኩላሊትሽን ለማስቸገር ይበቃል።

ለምን እንደምትደብቂ ይገባኛል። አንድ ጊዜ ነግረሽ የደረሰብሽን ፊት አልረሳሁትም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ግን አየሁ። ቢሆንም የማያውቀውን ሐኪም እንዴት እንውቀሰው? ለጎረቤት ንገሪ አላልኩሽም። መድኃኒት ለሚያዝልሽና ለሚሸጥልሽ ብቻ።

የሁሉንም ክኒኖችሽን ስም ከነሚሊግራማቸው በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሻለሁ። አፍሽ እምቢ ካለ ወረቀቱን ብቻ አቀብያቸው። ቀጠሮሽ ሲደርስ አብሬሽ እመጣለሁ፤ ካልፈለግሽ ደጅ እቀመጣለሁ።

ልጅሽ