የሰርቨሩን ቅንብር ማን ነካው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር እከታተላለሁ። በከተራ ዕለት ቀጥ አለብን። ሌሊቱን ሙሉ ስንፈልግ አድረን ያገኘነው በቅንብር ፋይል ውስጥ አንዲት የተቀየረች መስመር ናት፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየራት ግን የሚያውቅ የለም። ኧረ ለዚህ እኮ መላ አለው! ጊት የሚባለው፣ የፋይሎችን ለውጥ ከነታሪኩ የሚመዘግብ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ አለ። ኢቲሲኪፐር የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ቅንብሮች የሚቀመጡበትን ኢቲሲ የተባለ ፎልደር በየቀኑም፣ ፕሮግራም ሲጫንም፣ ለውጥ ካለ በራሱ ጊት ውስጥ ይመዘግባል፤ ማን ፋይሉን መክፈት እንደሚችል እንኳ አይረሳም። አደራ፣ እዚያ ውስጥ የይለፍ ቃል ነክ ፋይሎች ስላሉ መዝገቡን ክፍት ቦታ እንዳትጭኑት። የሊኑክስ ሰርቨር ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ አስጭኑት።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር