ከገና በኋላ ወደ አዋሽ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
ኅዳር 12 ቀን

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ያሰቡትን ጉዞ እያሰናዳሁ ነው። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ደጋግመው እንዲያዩት ጻፍኩልዎ።

መጀመሪያ ቀኑን እንቁረጥ። በኅዳር መጨረሻ እንሂድ ያሉት ለአየሩ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ጾመ ነቢያት ይይዝዎታል። ቆላ ላይ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ለእርስዎ ዕድሜ አደጋ ነው፤ ጾሙን እንደማያጎድሉም አውቃለሁ። ስለዚህ በገናና በጥምቀት መካከል ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተን ማክሰኞ እንመለስ፤ ረቡዕ ሳይገባ ቤት እንሆናለን። ጥር ላይ ሣሩም ያጥራል። ክረምቱ እንደወጣ ቢሆን ረጅሙ ሣር እንስሳውን ይሸፍነዋል፤ ከመጋቢት ወዲያ ደግሞ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል እርስዎን ይዤ አልወርድም።

ሁለት ሌሊት ማደር ለምን አስፈለገ እንዳይሉ። ብዙ ሰው አዋሽን በደርሶ መልስ ሊጨርሰው ይነሣል፤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ቢወጡ እንኳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቶ፣ በሩ ላይ ተከፍሎ፣ ሜዳው ሲደረስ 5 ሰዓት ይሆናል። ያን ጊዜ አምባራይሌው ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጓል፣ እንሹም ጥላ ይዟል። ሰውየው ባዶ ሜዳ አይቶ “ምንም የለም” ብሎ ይመለሳል። እንስሳው አለ፤ ሰዓቱ አልፎበት ነው። በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ጦር የመሰለ ቀንድ ያለውን ሳላ ለማየት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ነው ደጉ ጊዜ። ሳላ ቀን ላቡን አያባክንም፤ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲወጣ ይተወውና ሌሊት ሲበርድ ያራግፈዋል። እኛ ይህን ስለማንችል ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር እናርፋለን። ይህን ሰዓት እባክዎ አይከራከሩኝ።

እርስዎ ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ይምጡና እኛ ጋ ይደሩ። እሑድ 4 ሰዓት ላይ በመስቀል አደባባይና በቃሊቲ አድርገን ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን እንይዛለን፤ ምሳ አዳማ። ከአዳማ ወዲያ መንገዱ የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነውና አንቸኩልም። መተሐራ ሲደርሱ በሰቃ ሐይቅን ልብ ብለው ይዩት፤ ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ ኖሯል። ከዚያ አልፈን፣ አዋሽ ሰባት ሳንደርስ፣ የፓርኩ በር በስተቀኝ ነው። 10 ሰዓት ላይ ከገባን የመጀመሪያው ምሽት አያመልጠንም።

ስለ መድኃኒትዎ ጠንከር አድርጌ ልጽፍ ነው። ከደም ግፊት ኪኒኖችዎ አንዱ የሚያሸና ከሆነ፣ ሙቀቱ በላብ፣ ኪኒኑ በሽንት ውኃ ስለሚያወጡ ግፊቱ ዝቅ ይልና ከመቀመጫ ሲነሡ ዓይን ያጨልማል። በራስዎ እንዳያቆሙት፤ ከመምጣትዎ በፊት ሐኪሙን “ቆላ ልወርድ ነው፣ መጠኑ ይስተካከል ወይ?” ብለው ይጠይቁልኝ። ውኃ በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር እይዛለሁ፤ ጥም ሳይጠብቁ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ይጠጡ፤ ሐኪሙ መጠጥ የሚገድብልዎ ከሆነ ግን እርሱ ያለው ይቅደም። ለምለም የሚሉትን የኦአርኤስ ዱቄትም እይዛለሁ፤ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ ነው። ጨው ስላለበት ግን ተቅማጥ ወይም ብርቱ ድካም ካልመጣ እርስዎ አይጠጡትም።

ወባም አለ። ፓርኩ ሜዳው ላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው፤ ደብረ ብርሃን ለኖረ ሰውነት ወባ እንግዳ ስለሆነ ይጸናበታል። መከላከያ ኪኒን የሚያስፈልግዎ እንደሆነ ያንኑ ሐኪም ይጠይቁ፤ ከግፊቱ መድኃኒት ጋር መስማማቱን የሚያውቀው እርሱ ነው። አጎበር እኔ አመጣለሁ። ከተመለሱ በኋላ ሳምንታት ቢያልፉም ትኩሳት ከተሰማዎ ጉንፋን ነው ብለው እንዳያልፉት፤ ደም ያስመርምሩ።

ፍልውኃውን እንደሚጓጉለት አውቃለሁ። ያለው በሰሜን በኩል፣ ከፈንታሌ ተራራ ማዶ፣ በዘምባባ መካከል ነው፤ ውኃው ሰማያዊና የጠራ። ሙቅ ውኃ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ እስከ አንገት ገብቶ ድንገት መውጣት ግፊት ያለበትን ሰው ይጥላል። እግርዎን ለአሥር ደቂቃ ነክረው ይበቃዎታል። በረድ ያለው የታችኛው ውኃ አዞ ስለማይታጣው ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) ካሳየን ቦታ አንርቅም። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ድንጋያማ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጡ ስለበረታ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመነሣታችን በፊት ፓርኩን በስልክ እጠይቃለሁ። ካልሆነ በደቡቡ ፏፏቴና ሜዳ ሁለቱም ቀን ይሞላል። አዋሽ እዚያ በጥቁር ዐለት ሲወርድ ያያሉ፤ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። በሰሜን ሸዋ ከሚዘንበውም ከፊሉ በከሰም ወንዝ ወርዶ ከዚሁ ይገባል።

መኪናዋ ሁለት ስኮርታ ትይዛለች፤ የግራር እሾህ ጎማ ይበሳልና ከተጠረገው መንገድ አልወጣም። ክሪኩን ለስላሳ አፈር እንዳይውጠው ሰፊ ጣውላ ይኖረኛል። ጎማው በሙቀት ሲነፋ አየር አላስተነፍስም፤ ማታ ሲበርድ ይጎድላልና። ለራዲያተር 20 ሊትር ጀሪካን ለብቻው አለ።

ስካውት ከበሩ እንይዛለን። ከመኪና የምንወርደው እርሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ዝንጀሮ ካለበት መስኮት ይዘጋል፤ ዳቦም ሆነ ሙዝ አይወረወርለትም፤ አንዴ ከሰው እጅ የበላ ሁልጊዜ መኪና ይጠብቃል፣ ቀጥሎም ይነጥቃል። ከብት የሚነዱ ከረዩዎችና አፋሮች ስናገኝ ሰላምታ ይቅደም፤ ፎቶ ካልፈቀዱ አናነሣም። ዘመናት ከብታቸውን ያሰማሩበት አገር ነው፤ ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው።

የሚይዙት ጥቂት ነው፦ እጅጌው የረዘመ ጥጥ ሸሚዝ፣ ባርኔጣ፣ የተሸፈነ ጫማ። ጋቢዎንም አይርሱ፤ በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማለዳ በመኪና ስንወጣም ነፋሱ ይቆረቁራል። መታወቂያዎን ይያዙ፣ የመግቢያው ዋጋ ለኢትዮጵያዊ የተለየ ነው።

የኪኒኖቹን ስም ከነመጠናቸው ከማሸጊያው ላይ ቀድተው ከሚመጣ ሰው ጋር ይላኩልኝ፤ ማደሪያውን የምይዘው የሐኪሙን መልስ እንደሰማሁ ነው።

ልጅዎ