ልጁና ችግሩ ሲለያዩ፦ የምክር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም አባላት መዝግቧል፣ ኮሚቴ መርጧል፣ በየወሩ ተሰብስቧል፤ ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤው አለ። እዚህ የምጽፈው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ስለያዝነው የትረካ ሕክምና ዘዴ ነው። “ሥዕል እየሳሉ ጊዜ ያጠፋሉ” የሚል አስተያየት ስለተሰማ ማስረዳቱ ይገባል።

ዘዴውን የቀመሩት አውስትራሊያዊው ማይክል ዋይትና የኒውዚላንዱ ዴቪድ ኤፕስተን ናቸው። መነሻቸው፣ ችግር የሆነው ችግሩ ራሱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም የሚል ነው። “ሰነፍ” የተባለ ልጅ የወደቀበትን ብቻ እየቆጠረ ያድጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለችግሩ ራሱ ልጁ ስም ያወጣለታል። ከዚያ ችግሩ መቼ እንደሚመጣ፣ ማን ፊት እንደሚበረታ፣ ከትምህርቱና ከእንቅልፉ ምን እንደወሰደበት ይጠየቃል። ቀጥሎ ችግሩ ልጁን ያላሸነፈበት ጊዜ ይፈለጋል። የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ “የለም” ይላል፣ ጠያቂው ቸኩሎ “አንተ እኮ ጎበዝ ነህ” ይለዋል፣ ሥራው ይበላሻል። ማስረጃው ከልጁ አፍ ካልወጣ አይጸናም።

ሰሌዳ ፊት ስትቆም ድምፅዋ የሚጠፋ አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ፍርሃቷን “አናቂው” አለችው። አናቂው የማይደርስበት ቦታ እንዳለ ስትጠየቅ ብዙ ዝም አለች፤ በኋላ፣ ማታ ለታናሽ ወንድሟ ጮክ ብላ ስታነብለት እንደማይመጣ ነገረችን። ጮክ ብሎ ማንበብን ያስለመዷት ሟች አያቷ ናቸው። አብረውን ታሪኳን ሲያዳምጡ የነበሩት ሳይመክሩና ሳያሞግሱ፣ የትኛው ቃል እንደያዛቸውና ከራሳቸው ሕይወት ምን እንዳስታወሳቸው ብቻ ተናገሩ። አንዱ “እኔም ዛሬ ለእህቴ አነብላታለሁ” ሲል የልጅቷ ፊት ሲበራ ያየ ሁሉ ይህን ሥራ ጨዋታ አይለውም። አናቂው ዛሬም ይመጣል፤ በሚያዝያ ግን የቡድኗን ሥራ ክፍል ፊት አንብባለች። ይህን የጻፍኩት እሷ ፈቅዳ፣ ጽሑፉንም አይታው ነው።

ሥዕሉ “የሕይወት ዛፍ” ይባላል፤ ንካዜሎ ንኩቤና ዴቪድ ዴንቦሮ በደቡባዊ አፍሪካ በኤችአይቪ ለተጎዱ ልጆች ያዘጋጁት ነው። ሥሩ የዘርና የትውልድ ቦታ ታሪክ፣ መሬቱ የዕለት ኑሮ፣ ግንዱ ችሎታ፣ ቅርንጫፉ ተስፋ፣ ቅጠሉ የምንወዳቸው ሰዎች (የሞቱትም ጭምር)፣ ፍሬው የተቀበልነው ስጦታ ነው። ስለ ማዕበሉ፣ ማለትም ሕይወት ስለሚያመጣው መከራ፣ የሚነሳው ዛፎቹ ሁሉ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ከተሰቀሉ በኋላ ነው። ከማዕበሉ የጀመረ ልጅ የሚቆምበት ሳይኖረው ወደ ጉዳቱ ይመለሳል።

ያልሰመረም አለ። አንዳንዶች “ቁጣው ነው የመታው” እያሉ ጥፋታቸውን ሊሸሹ ሞክረዋል፤ ለችግሩ ስም መስጠት ግን ኃላፊነትን አያነሳም። ከክበቡ አቅም በላይ የሆነውን ወደ ባለሙያ ልከናል።

ክፍሉን ከሚኒ ሚዲያ ጋር ስለምንጋራ፣ ልጅ ሲናገር ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። ለኳስና ለማሊያ በጀት የሚገኝ ከሆነ፣ ለዚህም ሊገኝ ይገባል። የወላጅ መምህር ኅብረቱን የምንጠይቀው በሳምንት ለአንድ ከሰዓት ጸጥ ያለ ክፍል፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን፣ ትልልቅ ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ነው።